የጋሽ ኢተፋ ሜትር

ኑ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ። የአዳማ ፀሐይ ገና በሦስት ሰዓት እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ኮፍያ ያላመጣ ራሱን ይውቀስ። እስካሁን ባየናቸው ሦስት ሕንፃዎች ፊት ቆመን ነው ያወራነው፤ እዚህ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ በሉ፣ የዚህኛው ወሬ ይረዝማል። ፎቶ የምትነሡ ኋላ ትነሣላችሁ፤ ሕንፃው የትም አይሄድም። እዚያ ማዶ አግዳሚው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ለተቀመጡት ሴትዮ አትጨነቁ፤ ወደ ጥላ ኑ ቢባሉም አይመጡም።

ይህን ያሠራው የጥጥ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። በሃምሳ ሰባት ተጀምሮ በሃምሳ ዘጠኝ አለቀ፣ በእኛ አቆጣጠር። አሁን ታች ፋርማሲና ሞባይል ጥገና፣ ላይ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። እነዚያን ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉ የሲሚንቶ ክንፎች እዩዋቸው። ፀሐይዋን ይከለክላሉ፣ ንፋሱን ያሳልፋሉ፤ ውስጥ ገብታችሁ ስትቆሙ ቀዝቀዝ ይላችኋል። ዛሬ የሚሠራው መስታወት ለባሽ ፎቅ ውስጥ ሰው እንደ ዳቦ ሲጋገር ይውላል፣ ከዚያ መብራት ጠፋ ብሎ ያለቅሳል። ኧረ ተዉኝ፣ እሱን ከጀመርኩ አላቆምም።

የተቀመጣችሁበትን ደረጃ በእጃችሁ ዳበስ አድርጉት። ቴራዞ ነው፤ የእብነ በረድ ፍርፋሪ ከሲሚንቶ ጋር ተለስኖ የተወለወለ። ስልሳ ዓመት ስንቱ ጫማ ሲረግጠው ኖሮ ዛሬም ያበራል። የአንዱ ደረጃ ከፍታ አሥራ ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው። አሥራ ሰባት! ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ሰው ያዋረድኩባት ቁጥር ናት።

ስሜን ጠዋት ነግሬአችኋለሁ፤ ለዘገያችሁት ዘውድነሽ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። ጡረታ ስወጣ ይህን የቅዳሜ የእግር ጉብኝት ከጋሽ ኢተፋ ጫምሳ ጋር ጀመርን። ጋሽ ኢተፋ የሁሩታ ልጅ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የንድፍ መምህር የነበረ ሰው ነው። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይለካል። እኔ ማን አሠራው፣ መቼ ተመረቀ እላለሁ፤ እሱ በሩ ስንት፣ መስኮቱ ስንት፣ የፎቁ ሶሌታ ውፍረቱ ስንት ይላል። የኔን ወሬ ግማሹን አያምንም ነበር። «ዘውዴ፣ ሰው ይዋሻል፤ ግድግዳ አይዋሽም» ይለኝና ሜትሩን ይመዛል።

ሜትሩ ያው አናጢ የሚይዘው የብረት ሜትር ነው። አንድ ቀን ፍራንኮ ሰፈር አንድ ሆቴል ስንለካ መንገዱ ላይ ዘርግተነው ባጃጅ ሄደበት። ጫፉ ተጨራምቶ ቀረ። እኔ «በቃ፣ ሞተ» አልኩ። እሱ ቤቱ ወስዶ በቆርቆሮ መቀስ ልክ አሥር ቁጥር ላይ ቆረጠውና «ከእንግዲህ ከአሥር ነው የምንጀምረው» አለኝ። በማግስቱ አዲስ ገዛሁለት። አመስግኖኝ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። እንዲህ ያለ ግትር ነበር።

እንግዲህ ከአሥር የሚጀምር ሜትር ይዛችሁ ስትለኩ የምታነቡት ቁጥር ሁሉ አሥር ትርፍ አለው፣ አይደል? መቀነስ አለባችሁ። ታዲያ እኔ ቶሎ ቶሎ ቀንሼ ልጽፍ ስል ይቆጣኝ ነበር። «ያየሽውን ጻፊ! ቅነሳው ጠረጴዛ ላይ ነው። አናትሽን ፀሐይ እየመታው የቀነስሽው ቁጥር ጉድ ያፈላል።» ስለዚህ ደብተሩ ላይ ያየነውን ብቻ ጻፍን። አንድ ወፍራም ባለ አረንጓዴ ሽፋን ደብተር ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ አዳማ ውስጥ አሥራ ሁለት ሕንፃ፣ ደግሞ እስከ ደራ፣ እስከ ቡልቡላ ድረስ ወርደን የድሮ ማደያና ሆቴል ሁሉ ለክተን ሞላነው። የደብተሩ ቁጥር በሙሉ አሥር ትርፍ ነበረው። የትም ቦታ አልጻፍነውም፤ ሁለታችን እናውቀዋለን፣ ለማን ብለን እንጽፈዋለን?

ጋሽ ኢተፋ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ንድፉን ሊጀምር ባሰበበት ወር ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ተያዘ። በግራ እጄ እሠራዋለሁ ብሎ አልጋው ላይ ጣውላ አስደረገ። ሚስቱ ቀመሪያ፣ የደራ ሴት ናት፣ ትራሱን እየደገፈች እርሳስ ታስይዘዋለች። አንድ ጠዋት «ደብተሬን አምጡልኝ» አለ። ተፈለገ፤ የለም።

ቀመሪያ በዚያው ሳምንት ቤት ስታጸዳ አንድ ጆንያ የድሮ ወረቀት ለቆራሌ ሰጥታ ነበር። ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «አራት ዓመቴን ለቆራሌ ሸጥሽው?» አላት። ማለች፣ ተገዘተች፤ አረንጓዴ ነገር አላየሁም አለች። አላመናትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገራትም። ውሃ ስታቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «አልጠማኝም» ይላል። ከልጁ እጅ ይጠጣል፣ ከኔ እጅ ይጠጣል፣ ከሷ እጅ ግን አልጠማኝም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ እንኳ፣ እሷ ብቻ ቤት ውስጥ ስትኖር አልጠማኝም። እንዲህ እንደሆነ በሃያ ሦስተኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶው ካለቀ በኋላ ቀመሪያ ሜትሩን ሰጠችኝ። «አንቺ ታውቂበታለሽ፤ እኔ እጄ ላይ የገባ ነገር ይጠፋል» አለችኝ። ወሰድኩት።

በሞተ በዓመት ከሁለት ወሩ አንድ መጽሐፍ ወጣ። የሚያብረቀርቅ ሽፋን፣ «የስምጥ ሸለቆው ዘመናዊነት»፣ ደራሲ ዶክተር ይትባረክ። ይህን ሰውዬ እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ እየመጣ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ከኛ ጋር ዞሯል። ጨዋ ነው፣ ቦርሳዬን ይይዝልኛል፣ እናቴ ይለኛል። መጽሐፉን ስገልጠው የኛ አሥራ ሁለት ሕንፃዎች በኛ ቅደም ተከተል ተደርድረዋል፤ የጋሽ ኢተፋ ስም ግን ከፊት እስከ ኋላ የለም። ምስጋናው ገጽ ላይ «ለትሑታኑ የአዳማ ነዋሪዎች» ይላል። ዓይኑን በጨው አጥቦ! ትሑታን! ደሜ ፈላ።

ደብተሩ እንዴት እጁ ገባ? እሱንም እነግራችኋለሁ፣ ግን በተራው።

ገልጬ ገልጬ እዚህ ሕንፃ ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። «እያንዳንዳቸው ሃያ ሰባት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ደረጃዎች ተራው ሕዝብ ወደ ባለሥልጣኑ ሲወጣ እንዲያለከልክ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ይህንን የሥልጣን ሥነ ሕንፃ ልንለው እንችላለን።»

ሃያ ሰባት! አልጋዬ ላይ ተኝቼ በሳቅ ልሞት ደረስኩ። ሰውዬው ያየነውን ቁጥር እንዳለ ገልብጦታል። ቅነሳው ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ማን ይንገረው? የደረጃዎቹ ብዛት ሃያ ሁለት ነው፤ በሃያ ሰባት ቢያባዛው ጣሪያውን በስቶ ወደ ሰማይ እንደሚወጣ ያየው ነበር። አላባዛውም። ይህን ደረጃ በእግሩ አልረገጠውም፤ ከኛ ጋር በመጣ ጊዜ ሁሉ ታች ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር። ቁጥሩ እንዳስገረመው ከጽሑፉ ያስታውቃል፣ ግን መጥቶ በመለካት ፈንታ ፍልስፍና ጻፈበት። ሳቄ ሲያልቅ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩና ቂሜን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ለምን አልከሰስሽም ትሉኛላችሁ። ደብተሩ በእጄ የለም፤ በምን ላስረዳ? ደግሞ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ቆዩ፣ አልኳችሁ እኮ።

ባለፈው ዓመት ከተማው በአሥራ ሁለቱ ሕንፃዎች ላይ የነሐስ ሰሌዳ ሊሰቅል ተነሣ። ጥሩ ነገር ነው፤ ስንት ዓመት የለመንነው ነው። ሰሌዳው ላይ ግን «ጥናት፦ ዶክተር ይትባረክ» ተብሎ ተቀርጿል፣ ከነሃያ ሰባቱ። የመጀመሪያው እዚህ ሊመረቅ፣ እኔ ደግሞ እንግዶቹን በእግር እንዳስጎበኝ ደብዳቤ መጣልኝ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነሐስ እኮ አይጠፋም። አንዴ ከተሰቀለ የጋሽ ኢተፋ ስም ከዚህ ከተማ ተፍቆ ቀረ ማለት ነው። የእሱን ስም እዚያ ሳላስገባ ብቀር እኔ ዘውድነሽ አይደለሁም አልኩ። እሺ፣ በደስታ፣ ብዬ መለስኩላቸው።

ቀመሪያ ቤት ሄድኩ። «ቅዳሜ ነይ፤ የኢተፋን ስም አስመልሳለሁ» አልኳት። ጉልበቷን ያማታል፣ ከቤት አትወጣም ነበር። እጄን ይዛ ሳመችኝ። «አንቺ ባትኖሪ ማን ያስታውሰው ነበር» አለችኝ። ዝም ብዬ ተሳምኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች፣ የከተማው ሰዎች፣ ተማሪዎች፣ እንደ ዛሬው ፀሐይ። ይትባረክ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ በዚህ ሙቀት! ሲያየኝ «እናቴ!» ብሎ አቀፈኝ። አቀፍኩት። ከመጀመሪያው ሕንፃ ጀምሬ አሞገስኩት፤ ዶክተር እንዳሉት፣ ዶክተር በግሩም ሁኔታ እንደገለጹት፣ እኛ ምን እናውቃለን፣ እሳቸው ባይኖሩ እያልኩ ሰቀልኩት። በየሕንፃው አንድ ክንድ ከፍ አደረግሁት። ከፍ ካላለ ሲወድቅ አይሰበርማ።

እዚህ ስንደርስ ሰሌዳው በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፣ እዚያ አሁን ካለበት። ማይኩን አቀበልኩት።

«ዶክተር፣ ይህን ደረጃ እርስዎ ራስዎ ቢያብራሩልን።»

አፉን ሞልቶ ጀመረ። ሃያ ሰባት ሴንቲ ሜትር፣ ማለክለክ፣ ሥልጣን። እንግዶቹ ይጽፋሉ። የኛ ከተማ ሰዎች ግን ደረጃውን ያያሉ፣ እሱን ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። በየቀኑ ቁልፍ ሊያስተክሉ የሚወጡት ደረጃ ነው እኮ! ያለከለከ ሰው አያውቁም።

«ይገርማል» አልኩ። «እስቲ በተግባር እንየው። ወይዘሮ ቀመሪያ ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ቢወጡልን?»

ቀመሪያ ተነሣች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ መደገፊያውን ሳትነካ፣ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወጥታ ላይ ቆመች። ሻሿን አስተካክላ ቁልቁል አየችን። አንድም አላለከለከችም። ሳቅ ተነሣ።

ይትባረክ ማይኩን ጠበቅ አድርጎ፣ «የአካባቢው ሰው ለምዶት ነው» አለ።

ኡኡ! ለምዶት! እኛን ፍየል አደረገን። ከኋላ ልብስ ሰፊዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ ግን ረጋ ብዬ ከቦርሳዬ ሜትሩን አወጣሁ።

«ታዲያ ለምን አንለካውም? ይኸው፣ ዶክተር። በእጅዎ ይለኩት፣ ሁሉም ይገላገል።»

ደስ አለው። ጎንበስ ብሎ የሜትሩን ጫፍ ደረጃው ላይ አስደግፎ ወደ ላይ ሳበና ቁጥሩን አየ። ፊቱ በራ። «ሃያ ሰባት!» አለ በማይኩ። «ሃያ ሰባት፣ ይኸው!» እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ከሁሉም በላይ እኔ።

ኤቢሴ የምትባል የምህንድስና ተማሪ ነበረች፤ የራሷን ሜትር ይዛ እንድትመጣ ቀድሜ ነግሬአታለሁ። ወጣ አለችና እዚያው ደረጃ ላይ ለካች። «አሥራ ሰባት» አለች። ቀጣዩን ለካች። «አሥራ ሰባት።» አንድ ከአዲስ አበባ የመጡ ሽማግሌ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አዩላት፤ አሥራ ሰባት።

«ዶክተር፣» አልኩት፣ «የያዙት ሜትር ከስንት ነው የሚጀምረው?»

ጫፉን አየ። ማይኩ አፉ ሥር ስለነበር ትንፋሹ ሁሉ ይሰማል። «ከ... ከአሥር» አለ።

«መጽሐፍዎ ውስጥ ያለው ቁጥር በሙሉ አሥር ትርፍ አለው። በሩም፣ መስኮቱም፣ ደረጃውም። ከአሥር የሚጀምር ሜትር የነበረው አንድ ሰው ነው። ስሙን ጀርባው ላይ በምስማር ጭሮታል። ያንብቡልን።»

አላነብም ሊል ፈለገ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ገለበጠውና «ኢተፋ ጫምሳ» አለ። በማይክ! በገዛ አፉ፣ በከተማው ሰው ፊት። ድምፁ እዚያ ፋርማሲው ድረስ ተሰማ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፤ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ወደ ላይ ቀመሪያን አየሁ፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

እዚያ ላይ ብንተወው ጥሩ ነበር። እሱ ግን ላቡ በሙሉ ልብሱ ላይ እየወረደ ጮኸ።

«ሌባ ሊያስብሉኝ ነው? ደብተሩን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት! እዚሁ ከተማ፣ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን፣ በገዛ እጅዎ! “ጋሽ ኢተፋ እንዳይሰማ” ያሉኝስ?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

አዎ። ተራው ይኸው ደረሰ። ሰጥቼዋለሁ። ጋሽ ኢተፋ «ይህ ደብተር ከአዳማ አይወጣም» እንዳለ አውቃለሁ። ስትሮክ የመታው ሰሞን ነው፤ ልጠይቀው ሄጄ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ በቦርሳዬ ይዤው ወጣሁ። ይትባረክ ስካን አድርጌ በሁለት ቀን እመልሳለሁ ብሎኝ ነበር። መጽሐፍ ይወጣል፣ የእርስዎ ስም ሽፋኑ ላይ፣ ከነፎቶዎ፣ አለኝ። ፎቶዬ! ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ የክፍል ፎቶ ላይ እንኳ ዳር ነው የምቆመው። ደለለኝ ልበል? አልደለለኝም፤ ፈልጌ ነው።

ከዚያ ስደውል «በሚቀጥለው ሳምንት»። ስደውል ስልኩ አይሠራም። ጋሽ ኢተፋ ደብተሬን ሲል ነገ ያመጣዋል ብዬ ዝም አልኩ። ቀመሪያ ለቆራሌ ሰጥተሽው ነው ስትባል እዚያው ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሻይ ይዤ። አፌን ልከፍት አልኩ። በሷ ላይ ሲጮህ አየሁትና፣ ይህ ጩኸት በኔ ላይ ሊሆን ነው ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። ቀመሪያ ቆራሌዎቹ ዕቃ የሚያራግፉበት ድረስ ሄዳ ሦስት ቀን የወረቀት ክምር ስትቆፍር አብሬያት ሄጃለሁ። አብሬያት ቆፍሬአለሁ። ጥፍሬ ሥር ቆሻሻ እስኪገባ ድረስ፣ እዚያ እንደሌለ እያወቅሁ።

መካድ እችል ነበር። ሕዝቡ በእጄ ነው፣ ሰውዬው ወድቋል፣ ማን ያምነዋል? ቀመሪያ ግን መውረድ ጀመረች። ስትወጣ መደገፊያውን አልነካችም ነበር፤ ስትወርድ በሁለት እጇ ይዛው፣ በየደረጃው እየቆመች ነው የወረደችው። ሃያ ሁለቱንም ጠበቅኋት። ፊቴ ቆመች።

«ዱጋዳ?» አለችኝ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ «ዘውዴ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ወረቀቱን አብረሽኝ ስትቆፍሪ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከእጄ ውሃ አልጠማኝም ሲለኝ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ?»

«አውቅ ነበር፣ ቀመሪያ።»

ብትመታኝ ደስ ባለኝ። ብትሰድበኝ። ይትባረክ እጅ ላይ የቀረውን ሜትር ተቀብላ በሻሿ ጫፍ ጠቀለለችውና ባጃጅ ጠርታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደተናገረ አላስታውስም። ሰሌዳው ጨርቁ እንኳ ሳይነሣለት ተነቅሎ ተወሰደ።

በዶክተሩ ላይ የሆነውን ለማወቅ ትጓጓላችሁ፤ አያለሁ። መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቀመ። የሚያስተምርበት ቦታ ምን እንዳደረጉት አላውቅም፤ ጥሩ እንዳላደረጉት ግን ሰምቻለሁ። ይበለው! ይህን ስል ዛሬም አላፍርም። ደብተሩን በፖስታ ለቀመሪያ ላከላት፣ ያለ አንዲት ቃል። አዲሱ ሰሌዳ ይኸው፣ አንብቡት፦ «ልኬትና ጥናት፦ ኢተፋ ጫምሳ»። የኔን ስም ሊያስገቡ ነበር። ወራሹን ቀመሪያን ሲጠይቋት «የሱ ብቻ» አለች። ትክክል ናት።

እኔ ሁለት ወር ከቤት አልወጣሁም። ጉብኝቱም ቆመ። አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ፤ ቀመሪያ ናት። አልገባም አለች። ደጃፉ ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፣ «ቅዳሜ ጉብኝቱን ጀምሪ፤ የሱ ሥራ መታየት አለበት። ደረጃው ጋ ስትደርሺ ግን ሁሉንም ታወሪያለሽ። የዶክተሩን ብቻ አይደለም፤ የራስሽንም፣ ሻዩንም፣ ቁፋሮውንም። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ።»

«እስከ መቼ?» አልኳት።

«ደብተሩን እኔ እንዳልሸጥኩት ኢተፋ እስኪሰማ» አለችኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ አልቀረችም። ጉልበቷ እንደዚያ ሆኖ፣ ከቦኩ ማዶ በባጃጅ ትመጣለች። ያቺ አግዳሚው ላይ ያለችው፣ ደብተሩንና ሜትሩን በፌስታል ጭኗ ላይ ያደረገችው፣ ያልኋችሁ ሴትዮ እሷ ናት። አትዙሩ! አትወድም። ዝናብ በጣለ ቀን አሳጥሬ ሻዩን ዘለልኩት፤ ተነሥታ «ሻዩስ?» አለችኝ፣ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት። ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።

እኔ ይትባረክን አንድ ቀን ነው ያዋረድኩት። እሷ የኔን ሂሳብ በቅዳሜ በቅዳሜ ታወራርዳለች፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ። ቂም መወጣትን ከማን እንደተማርን አላውቅም፤ እሷ ግን ከኔ ትበልጣለች።

በሉ፣ ጨረስኩ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ውሃ ከማቀዝቀዣ ነው ያወጣሁት፣ ገና አልተከፈተም። ልስጣትና እንሄዳለን።

«ቀመሪያ፣ ውሃ።»

ሰማችኋት? «አልጠማኝም» ነው ያለችኝ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ናት።